የመቀነስ ምልክት የተከለከለበት ባሕር

በሰው ልጅ የአስተዳደር ታሪክ ሞትን በቃለ ጉባኤ ያስቆመ መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነው። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥራ አስቁመዋል፣ የደረጃ ዕድገት አስቁመዋል፣ አሳንሰርም አስቁመዋል፤ ሞትን ግን ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒት፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ብቻ ያስቆመው የጥቃቅን የባሕር ሕይወት ጥናት ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ገድል በዝምታ ቢታለፍ ነውር ስለሚሆን ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ተቋሙ ከወደቡ በላይ፣ ጨዋማው ነፋስ የመስኮቱን ብረት ሁሉ በበላበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ከምድር ቤቱ የመስክ ምልከታ ክፍል አለ፦ እርጥብ ገመድ፣ መረብ፣ ጠርሙስ፣ ባልዲ፣ የማይለቅ የዓሣ ሽታ። ከፎቁ ላይ የሞዴል ክፍል አለ፦ ኮምፒውተር፣ ምንጣፍ፣ ቀዝቃዛ አየርና ምንም የማይሸት ዕውቀት። የታችኞቹ ባሕሩን ያዩታል። የላይኞቹ ያውቁታል።

የሞዴል ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሰው ሁሉ «ቀመር» እያለ የሚጠራው፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ተጠባባቂነቱ ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ፀጉሩ የሳሳው በተጠባባቂነት ነው፤ መነጽሩ የወፈረው በተጠባባቂነት ነው፤ ያገባውም ተጠባባቂ ሆኖ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት የሚስቱ እናት ይህ ነገር ከአንጀታቸው አልወጣ ብሎ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አማቼ ነው» ይሉና ትንሽ አሰብ አድርገው «ለጊዜው» ብለው ይጨምራሉ።

ሚስቱ የመስክ ምልከታ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ያውም ቋሚ። በየሳምንቱ ሞተሩን ከሚይዘው መካኒክ ጋር በተቋሙ አሮጌ ጀልባ ትወጣለች፤ መረብ ትጥላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ተመልሳ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ትቆጥራለች። የቆጠረችውን ለባሏ ትሰጣለች፤ እሱ ሞዴሉን በሱ ያርማል። ትዳራቸውም ሥራቸውም የቆመው በዚሁ ነው፤ እሷ ታያለች፣ እሱ ያሰላል። እሱ ባሕር ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከመጋባታቸው በፊት፣ ሊያስደስታት ብሎ። ጀልባዋ ከወደቡ አፍ ሳትወጣ ፊቱ የሎሚ መልክ ያዘ፤ የቀረውን መንገድ ሆዱን አቅፎ ወለሉ ላይ ተኝቶ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ባሕርን የሚወደው በስክሪን ነው፤ የስክሪን ማዕበል ሰው አያጥወለውልም።

ሞዴሉ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውብ ነበር። ፕላንክተን ማለት በዐይን የማይለዩ፣ ሞገዱ ወዳደረሳቸው የሚንሳፈፉ ፍጥረታት ናቸው። ፀሐይና በውሃው ውስጥ የሟሟ ምግብ አግኝተው የሚያድጉ ዕፅዋት አሉ፤ እነሱን የሚበሉ እንስሳት አሉ። በዪውም ተበዪውም ጊዜው ሲደርስ ይሞታል፣ ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ ተመልሶ ለሚቀጥለው ምግብ ይሆናል። ፈጣሪ በዝምታ የሚያደርገውን ይህን ሁሉ ቀመር በጥቂት መስመር እኩልታ ጽፎት ነበር። ማደግ የመደመር ምልክት ተሰጠው፤ መበላትና መሞት የመቀነስ።

መከራው የመጣው በዚህች በመጨረሻዋ ምልክት ነው።

የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፣ ከበር ጠባቂው እስከ ጸሐፊዋ «ክቡርነታቸው» የሚባሉት፣ መቀነስን አጥብቀው የሚጠሉ ሰው ነበሩ። በቢሯቸው ያሉት አበቦች የፕላስቲክ ናቸው፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ውሃ ይጠጣሉ። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ሲሸኝ እንኳ «ከእኛ ተለየ» አይባልም፤ «ከግቢ ውጭ መቆየቱን ጀመረ» ይባላል። እንግዲህ ለቦርዱ የሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ሲገመገም የቀመር እኩልታ ግድግዳው ላይ በራ፤ ክቡርነታቸውም ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ቆይ፤ ይህቺ አግድም ሰረዝ ምንድን ናት?»

«የመቀነስ ምልክት ናት ክቡርነትዎ።»

«ምንድን ነው የምትቀንሰው?»

«የሚሞቱትን።»

«ማን ሞተ?»

«ፕላንክተኖቹ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ በየጊዜው የተወሰኑት። እንደ ደንቡ።»

«በየትኛው ደንብ?»

«በተፈጥሮ ደንብ።»

ክቡርነታቸው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ይህ ደንብ ደርሶናል?»

«አልደረሰንም» አለች ጸሐፊዋ፣ ዐይኗን ከወረቀቷ ሳትነቅል።

«መልካም። ለመሆኑ በማን የአመራር ዘመን ነው የሞቱት?»

ቀመር መነጽሩን እየጠረገ፣ «እኔ እንኳ ከዘመን ጋር አላያያዝኩትም ነበር» አለ።

«ሰው ያያይዘዋል፣ ልጄ። ሁለተኛዋ ሰረዝስ?»

«እሷ መበላት ናት። እንስሶቹ ዕፅዋቱን ሲበሉ…»

«እርስ በርስ!»

«እርስ በርስ እንኳ አይባልም። አንዱ ወገን ነው ሌላውን…»

«ይባስ ብሎ!» አሉና ክቡርነታቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

የመቀነስ ምልክቶች አጣሪ ኮሚቴ ወዲያው ተቋቋመ። አባላቱ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው፣ የትራንስፖርት ኃላፊውና ጸሐፊዋ ነበሩ፤ ሦስቱም ፕላንክተን አይተው ስለማያውቁ ገለልተኝነታቸው አላጠያየቀም። በመጀመሪያው ስብሰባ ፕላንክተኖች ቋሚ ናቸው ወይስ በኮንትራት የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ሰፊ ውይይት ተደረገበት። በሁለተኛው፣ ጸሐፊዋ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋ (ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ድምፅ መስጠቱን ረስታው ነው) የሚከተለው ተወሰነ፦

«በተቋሙ የጥናት ክልል ውስጥ ባለው ባሕር፣ መሞትም ሆነ መበላት ከተቋሙ ራዕይ ጋር የማይጣጣሙ ሆነው ስለተገኙ፣ ይህ ከጸደቀበት ዕለት ጀምሮ በዜሮ እንዲተኩ።»

ክቡርነታቸው ቀመርን ለብቻው አስጠሩት። አንዱን የፕላስቲክ አበባ ውሃ እያጠጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው ያናገሩት።

«የተጠባባቂነትህን ነገር አስቤበታለሁ። ቦርዱ ፊት ሪፖርቱ ባማረ ቀን፣ እዚያው ሰው ሁሉ ባለበት ቋሚነትህን አውጃለሁ። ላንተ ሁለት ሰረዝ ማጥፋት ምንህ ነው?»

ቀመር ደረጃውን ሲወርድ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ምድር ቤት ደርሶ የሚስቱን ባልዲዎች ሲያይ ግን ቅቤው ረጋበት።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሣው። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሞትን አጥፋ አለህ?»

«ከሞዴሉ ላይ ብቻ ነው።»

«እና ምን አልከው?»

«አስብበታለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሞቱን ስታወጣው የሚመለሰውስ? የበሰበሰው ተመልሶ ምግብ ካልሆነ የሚያድገው በምን ያድጋል?»

«እሱን አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቋሚ ያደርጉኛል።»

የሚስቱ እናት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። አሁን ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። «ቋሚ? ታዲያ አጥፋው እንጂ ልጄ! ማን ሞትን ይወዳል?»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ…»

«እኔ ምን አልኩ? የሚሞት ሳይኖር ቋሚ ከሆነ በረከት ነው።»

በማግሥቱ ቀመር በሩን ዘጋ፤ ሰው ሊያየው የማይገባ ነገር እንደሚያደርግ ሰው ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ዜሮ አደረጋቸው። በልቡ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማንን እንደሆነ እሱም አላወቀም። ከዚያ ሞዴሉን አስነሣው።

መስመሩ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ እያማረበት ወጣና የሆነ ቦታ ሲደርስ ቀጥ አለ። እንደ ጠረጴዛ ቀጥ አለ። በውሃው ውስጥ የነበረው ምግብ ሁሉ ተበልቶ አልቋል፤ የሚሞት ስለሌለ የሚመለስ የለም፤ የሚመለስ ስለሌለ የሚወለድ የለም። ቀመር ሞዴሉን ዐሥር ዓመት ወደፊት አስኬደው፤ ቀጥ። መቶ ዓመት አስኬደው፤ ቀጥ። ባሕሩ ሙሉ ነበር፣ ሕያው ነበር፤ በውስጡ ግን አንድም ነገር አይሆንም ነበር።

ለሚስቱ ምድር ቤት ወርዶ ነገራት። «ሁሉም በሕይወት አሉ። አንድ እንኳ አልጎደለም። ግን የሚያድግ የለም፣ የሚወለድ የለም፣ ከቦታው የሚነቃነቅ የለም።»

ሚስቱ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ሳትል፣ «እሱንማ አውቀዋለሁ» አለች። «አስተዳደር ክፍል ነው።»

ቀመር ክቡርነታቸው መስመሩን አይተው ይቆጣሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። ታላላቅ ሰዎች ግን ለምን ታላቅ እንደሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ክቡርነታቸው ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት፣ አቀረቡት፣ ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱበት። ጣታቸው አልተሰናከለም። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«መረጋጋት» አሉ በለሆሳስ።

መስመሩ በወርቅማ ፍሬም እንዲገባ ታዘዘ።

አሁን አንድ እንከን ብቻ ቀረ፤ ባሕሩ። የቀመር ሚስት በየሳምንቱ የምታመጣው የመስክ ምልከታ ከመስመሩ ጋር አልስማማም አለ። ቁጥሩ በፀደይ ሰማይ ጠቀስ ይሆናል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ እንደገና ያንሰራራል። አንድም ሳምንት ዐርፎ የተቀመጠበት የለም። ክቡርነታቸው ሴትየዋን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ባሕር ላይ ስትወጪ ወዴት ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ሁልጊዜ ወደምንሄድበት፤ በካርታው ላይ ወደተመረጡት ቦታዎች።»

«የሞተ ያለበት ቦታ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ክቡርነትዎ፣ እኔ መረብ ልጥል ነው የምሄደው፤ ለቅሶ ልደርስ አይደለም። መረቡ ውስጥ የገባውን እቆጥራለሁ።»

«ደኅና ደኅናውን ብትቆጥሪ?»

«እንደሱ ከሆነማ ቤቴ ተቀምጬ ማንኪያዎቼን እቆጥራለሁ።»

የትራንስፖርት ኃላፊው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ ደረሰው፦ «ባሕሩ በበቂ ሁኔታ የታወቀ ስለሆነ ደጋግሞ መጎብኘቱ ጥርጣሬ ያስመስላል፤ ስለዚህ ጀልባዋ ትታሰር።» ጀልባዋ ታሰረች። የመስክ ክፍሉም ከቦርዱ ስብሰባ በኋላ እንደሚዘጋና ክፍሉ የፍሬሞች ማከማቻ እንደሚሆን ተነገረ።

ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀመር ጋር በቀጥታ መነጋገር አቆመች። ቤት ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በእናቷ በኩል ያልፋል።

«እማዬ፣ ለተጠባባቂው ጨው አቀብይው።»

«እጁ ሥር አለ እኮ።»

«ካየው ይውሰደው። ማየት ትቶ የለ?»

ቀመር ጨው ያልገባበትን ሾርባውን ጠጣ። ወንበሯን አየ፤ ሌላ ጊዜ ከባሕር ስትመለስ እርጥብ ካፖርቷን የምትጥልበት ወንበር ነው፤ አሁን ደረቅ ነበር። እሷ ያለ ባሕር ምን ትሆናለች ብሎ አሰበ። መልሱ መጣበት፤ ቀጥ ያለ መስመር።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። ወለሉ በሰም ተወለወለ፤ የፕላስቲክ አበቦቹ ገላቸውን ታጠቡ፤ ፍሬሙ በትልቁ አዳራሽ፣ በመስኮቱ ጎን ተሰቀለ። የቦርዱ ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ፣ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ክቡርነታቸው ግን ለሁለቱም የሚበቃ ተናገሩ።

«ክብርት ሰብሳቢ! ሌሎች ባሕሮች ይናወጣሉ። ሌሎች ባሕሮች ይቀንሳሉ። የእኛ ባሕር ግን፣ በተከተልነው ቆራጥ አመራር፣ ዛሬ ከደረሰበት ደረጃ ወደ ኋላ የማይመለስ፣ ወደ ፊትም የማይንቀዠቀዥ ባሕር ሆኗል!»

ጭብጨባው ሞቅ አለ። ሰብሳቢዋ ፍሬሙን ትክ ብለው አዩት።

«ደስ ይላል። የሚመጣው ዓመትስ እንዴት ይሆናል?»

«እንዲሁ ነው ክብርት ሰብሳቢ!»

«ከዚያስ ወዲያ?»

«በአምላክ ቸርነት፣ እንዲሁ!»

«እንግዲያው» አሉ ሰብሳቢዋ፣ እግራቸውን እያሻሹ፣ «ሁልጊዜ እንዲሁ ከሆነ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

ጭብጨባው በየእጁ መዳፍ ላይ ቀረ። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መረጋጋቱን እንጠብቃለን።»

«ከማን?»

ሰብሳቢዋ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያቺ ጀልባስ ለምን ታሰረች?»

«ባሕሩ ስለታወቀ ነው» አሉ ክቡርነታቸው።

«አልታወቀም» አለች የቀመር ሚስት ከኋላ ረድፍ ተነሥታ። «ጀልባዋ ከመታሰሯ በፊት በሄድኩበት ሳምንት ውሃው አረንጓዴ ነበር። አሁን ከዚህ ሆነው ይዩት፣ ጠርቷል። መሐል ላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ያየ የለማ።»

ክቡርነታቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ተቋማችን በመስክ ሠራተኞች ስሜት ሳይሆን በሳይንስ ነው የሚመራው። የሞዴል ክፍላችን ኃላፊ እዚሁ አለ፤ ዛሬ ስለእሱም የማውጀው ደስታ አለኝ። ተነሥ ልጄ፤ ስሌቱ ልክ ነው አይደለም?»

ቀመር ተነሣ። የዓመታት ተጠባባቂነቱ ከኋላው ተነሣ፤ «ለጊዜው» የሚለው የሚስቱ እናት ድምፅ ተነሣ። ቋሚነቱ የአንዲት «አዎ» ያህል ቀርቦታል። ክቡርነታቸው እያዩት ነው። ሚስቱ አላየችውም፤ መስኮቱን ነው የምታየው።

«ስሌቱ ልክ ነው» አለ ቀመር።

ክቡርነታቸው ተነፈሱ።

«ባሕሩ ነው የሌለበት» አለ ቀመር። «ሞቱን አውጥቼዋለሁ። መበላቱንም። ታዝዤ ነው፤ ግን እጄ ነው ያደረገው። ሞት ሲወጣ መመለስም አብሮ ወጣ፣ መወለድም ቆመ። ይህ ሥዕል ባሕር አይደለም ክብርት ሰብሳቢ። የመቀመጥ ሥዕል ነው።»

ሰብሳቢዋ በቀስታ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ባሕሩን አዩት፤ ዞረው ፍሬሙን አዩት፤ እንደገና ባሕሩን።

«ይህኛው ይንቀሳቀሳል» አሉ። «የሚጠናው ይህኛው ነው። ያኛው ተጠንቶ አልቋል።» ከዚያ የኮሚቴውን ውሳኔ አስነበቡ፤ ሁለት ጊዜ። አጻጻፉን ወደዱት። በራሱ ቋንቋም ወሰኑ፦ የማይለወጥ ባሕር ሞዴልም ዳይሬክተርም ስለማያሻው፣ የሞዴል ክፍል ኃላፊነትና የዋና ዳይሬክተርነት መደቦች ከዛሬ ጀምሮ በዜሮ እንዲተኩ።

«ክብርት ሰብሳቢ!» አሉ ክቡርነታቸው፤ ድምፃቸው እንደ መስመሩ ቀጥ ማለት አቃተው። «ሊያጠፉን ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! እዚህ ቤት የሚጠፋ የለም ተብሏል። ዜሮ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ።»

ክቡርነታቸው ያለ ሥራ እንዳይቀሩ ታስቦ ፍሬሙ ለሳቸው ተሰጠ። ዛሬም በኮሪደሩ ጫፍ፣ በአንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው መስመሩ እንዳይናወጥ ይከታተላሉ። ማዕረጋቸው፣ ቋሚ ሰው እስኪገኝ ድረስ፣ «ተጠባባቂ የመስመር ጠባቂ» ነው።

ጀልባዋ ተፈታች። ለመካኒኩና ለቀመር ሚስት አንድ ባልዲ ያዥ እንዲጨመር ተፈቀደ፤ ሞዴሉንም በትርፍ ጊዜው በእውነተኛው ቁጥር ያስተካክላል ተባለ። መደቡ ቋሚ ነበር። ለቦታው ያመለከተ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የሚስቱ እናት ሲሰሙ አጨበጨቡ። «ቋሚ ባልዲ ያዥ! ልጄ በስተርጅናዬ ደስ አሰኘኸኝ!» የዚያኑ ቀን ለጎረቤት ሲያስተዋውቁት «አማቼ ነው» አሉና አፋቸውን ገጠሙ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግሥቱ ጠዋት ቀመር በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጀልባ ላይ ወጣ። ቁርሱን ጠንከር አድርጎ በልቷል፤ ጸሎቱንም አድርሷል። ባልዲውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ከወደቡ አፍ ሲወጡ ፊቱ ሎሚ ሆነ፤ መካኒኩ በዘዴ ፊቱን አዞረ። ሚስቱ መረቡን ጥላ ገመዱን እየቆጠረች ታወርዳለች።

«ደኅና ነህ?» አለችው። ያለ እናቷ በቀጥታ ስትጠይቀው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው።

«ደኅና ነኝ» አለ ቀመር፤ ወዲያውም ባልዲውን ጥሎ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ቁርሱን ከነጭራሹ ለባሕሩ አስረከበ።

ውሃው ተቀበለው። ነጭ ዳመና መሰለ፤ ተበተነ፤ ሰመጠ።

ሚስቱ በአንድ እጇ ገመዱን እንደያዘች በሌላው ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«አይዞህ የኔ ጌታ» አለችው፤ «ሞዴልህ ላይ ‘የሚመለስ’ ብለህ ጻፈው። ምልክቱም መደመር ነው።»